የአባቴ ድምፅ ያለበት ዲስክ እንደምን እንደ ተዘጋና እንደምን እንደ ተከፈተ

በዚህ በቤተሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና ብዙ የሚጠቅም ነገር ሲጻፍ አንብበናል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን በገዛ እጄ ስለ ሠራሁት ጥፋት ነው። ጥፋቱ በቤቴ ውስጥ የተፈጸመ፤ ያዘኑበትም ቤተሰቦቼ ስለ ሆኑ፤ ለመናገር ከዚህ ገጽ የተሻለ ስፍራ አላገኘሁም። ነገሩ የሆነው በእስቴ በመካነ ኢየሱስ ከተማ በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ነው።

አባቴ በወጣትነታቸው ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄደው ድጓ የተማሩ ሰው ነበሩ። አንባቢ እንደሚያውቀው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ በሌላ ስፍራ የተማረ ሰው ስንኳ ቢሆን ወደዚያ ሄዶ ማስመስከር የተለመደ ነው። በዚያ ዘመን የድጓ ተማሪ መጽሐፉን ከገበያ አይገዛም ነበር። ብራናውን ፍቆ፤ ቀለሙን በጥብጦ፤ ከመምህሩ መጽሐፍ ቃሉን ከነምልክቱ ራሱ ይገለብጣል፤ ከገለበጠም በኋላ ከዋናው ጋር እያስተያየ ያርማል። አባቴም እንዲሁ አድርገው የጻፉት ድጓ ዛሬ በእናቴ ሣጥን ውስጥ አለ። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ግን መጽሐፉን ማየት ስለ ተሳናቸው፤ በቃላቸው ያለውን ማታ ማታ በምድጃው ዳር ተቀምጠው ሲያዜሙ እኔ በስልኬ እቀዳ ነበር። ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ 43 ቅጂ ተሰበሰበ። በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. ዐረፉ።

እኔም ቅጂዎቹን ከስልኬ ወደ ቤቴ ኮምፒዩተር አዛወርሁና፤ ስልኩ ሞልቶ ስለ ነበረ፤ ከስልኩ ደመሰስኋቸው። እንግዲህ የአባቴ ድምፅ በዓለም ላይ በአንድ ሐርድ ዲስክ ብቻ ቀረ። በመሥሪያ ቤቴ ማናቸውንም ደብዳቤ ቅጂውን ከመዝገብ ሳላስቀር አላወጣም፤ ይህን ልማድ ከቢሮው ደጅ ወደ ቤቴ ይዤው አለመግባቴ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ሐርድ ዲስክ ምን እንደ ሆነ ጥቂት ልናገር። የዚህ መሣሪያ የመጀመሪያው አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን፤ 50 ታላላቅ ክብ ሳሕኖች ነበሩት፤ ክብደቱ አንድ ቶን ያህል ሆኖ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። በእኔ ቤት ያለው ከአንድ መጽሐፍ የማይበልጥ ሆኖ 500 ጊጋባይት ይይዛል፤ ይኸውም ከፊተኛው መቶ ሺህ ዕጥፍ ያህል ማለት ነው። በውስጡ የተወለወለ ሳሕን ይሽከረከራል፤ በሳሕኑም ላይ እጅግ ቀጭን የሆነ የማንበቢያ ራስ ሳይነካው ያንዣብባል። ከታች ደግሞ አረንጓዴ ቦርድ አለ።

ይህ መሣሪያ ሳሕንና ቦርድ ስላለው ብቻ ሥራውን አያውቅም። እንደምን እንዲሽከረከር፤ የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ስፍራ እንዳለ፤ ከኮምፒዩተሩም ሲጠየቅ እንደምን እንዲመልስ የሚያዝዘው በራሱ ውስጥ የተቀመጠ ትእዛዝ አለው፤ ስሙም ፈርምዌር ይባላል። ስሙን በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጣው አሸር ኦፕለር የተባለ የኮምፒዩተር ሊቅ ሲሆን፤ በሚዳሰሰው መሣሪያና በማይዳሰሰው ትእዛዝ መካከል ያለ ነገር ለማለት ነው። በሐርድ ዲስክ ላይ የዚህ ትእዛዝ ጥቂቱ በቦርዱ ባለች ቺፕ ውስጥ፤ የሚበዛው ደግሞ እኛ ልናየው በማንችለው በሳሕኑ የተከለለ ስፍራ ላይ ይገኛል። በመንግሥት ሥራ ላይ ላለ ሰው በግምጃ ቤት ብመስለው ይቀላል። ጆንያዎቹ በየረድፋቸው ተቀምጠዋል፤ የትኛው ጆንያ በየትኛው ረድፍ እንዳለ የሚያውቀው ግን አንድ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው አእምሮውን የሳተ እንደ ሆነ ከእህሉ አንዲት ፍሬ ሳትጎድል ግምጃ ቤቱ የተዘጋ ይሆናል።

በዚያ በጥር ወር ኮምፒዩተሩ እየዘገየ አስቸገረኝ። አንዱን ደብዳቤ ለመክፈት ቡና እስኪፈላ ድረስ ያስጠብቀኝ ነበር። የዲስኩ ፋብሪካ ባወጣው ማስታወቂያ ላይ አዲስ ፈርምዌር እንዳለና የዲስኩን ሥራ እንደሚያሻሽል አነበብሁ። በማስታወቂያው መጨረሻ ደግሞ አስቀድመህ ያለህን ሁሉ በሌላ ስፍራ ገልብጥ፤ ሥራው እስኪፈጸምም የኤሌክትሪክ ኀይል እንዳይቋረጥ ተጠንቀቅ ይላል። ይህን ግን ያነበብሁት ከጥፋቱ በኋላ ነው። በፊት ያየሁት ተስማምቻለሁ የሚለውን ቃል ብቻ ነበርና እርሱን ጫንሁ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። ዩፒኤስ የሚባለው የባትሪ ሣጥን በጠረጴዛው ሥር ነበረ፤ ነገር ግን ባትሪው ከሞተ ዓመት አልፎት ነበርና የእግር ማስቀመጫ ሆኖ ይኖር ነበር። መስመሩ ከግማሽ ጥቂት አልፎ ሲሄድ መብራት ጠፋ። የጉና ብርድ በሚወርድበት በዚያ ጨለማ ተቀምጬ መጀመሪያ ያሰብሁት ሻማ ስለ መፈለግ ነበር፤ ስለ ዲስኩ ያሰብሁት ሻማው ከበራ በኋላ ነው።

መብራቱ በተመለሰ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ተነሣ፤ ነገር ግን የሚነሣበት ዲስክ አልተገኘም የሚል ጽሑፍ በጥቁር ገጽ ላይ አወጣ። አጠፋሁትና አበራሁት። ደግሞ አጠፋሁትና አበራሁት። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ከዐሥር ጊዜ የሚበልጥ ይህንኑ ሳደርግ፤ እናቴ ከመኝታቸው «ምን ሆነህ ነው የምትንጎዳጎድ» ብለው ጠየቁኝ። «መብራቱ አስቸገረኝ» አልኋቸው። በአፌ ያለፈው የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው።

በነጋታው በከተማችን ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የሚያስተምረውን የእኅቴን ልጅ ጠራሁት። የሠራሁትን ብነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ ነገር ግን ታላቁ ነኝና አልተቆጣኝም። «ጋሼ፤ ከእንግዲህ አይንኩት» አለና ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ዲስኩ አስጠጋ። እንደ ነገረኝም አስቀድሞ የሚደረገው ማዳመጥ ነው። ዲስኩ ጧ፤ ጧ እያለ የሚመታ እንደ ሆነ ራሱ የተጎዳ ስለ ሆነ ወዲያው ማጥፋት ይገባል፤ አለዚያ የተጎዳው ራስ ሳሕኑን ይፍቀዋል። ከቶ ድምፅ ከሌለው የቦርዱን ኀይል መመርመር ነው። የእኛው ግን ያለ ምንም ችግር በጥሩ ሁኔታ ይሽከረከር ነበር። ቀጥሎ የመረጃውን ገመድ ለወጠ፤ የኀይሉን ገመድ ለወጠ፤ ሌላ መሰኪያ ሞከረ፤ በመጨረሻም ዲስኩን ነቅሎ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ሰካው። በሁሉም አንድ ነበር። ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሣ በሚታየው ገጽ ላይ የዲስኩ ስም አይገኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ትርጉም የሌለው ፊደል አሳየና ጠፋ። «ገመዱ ደኅና ነው፤ ሞተሩ ደኅና ነው፤ ራሱን ግን አላወቀም» አለኝ።

ከዚህ በኋላ ምክር የሚሰጠን ሰው በዛ። አንድ ወዳጄ ዲስኩን በማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ነው አለኝ። ይህ በብዙ አገር የሚወራ ነገር ነው፤ ነገር ግን የቀዘቀዘ ብረት ወደ ሞቀ አየር ሲወጣ ላብ ያወጣልና ውኃው ለሳሕኑ ጠላት ነው፤ በፈርምዌር ለሚመጣ በሽታም ብርድ ምንም አይረዳም። አንድ የስልክ ጠጋኝ ደግሞ ተመሳሳይ ዲስክ ገዝተን ቦርዱን እንለውጥ አለ። አሳቡ ቀና ይመስላል። ነገር ግን በቦርዱ ላይ ባለችው ቺፕ ውስጥ ዲስኩ ከፋብሪካ ሲወጣ ለእርሱ ብቻ የተለካ መለኪያ ተጽፎባታል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ቦርድ ሲለወጥ ስንኳ ያችን ቺፕ ወይም በውስጧ ያለውን ጽሑፍ ማዛወር የግድ ነው።

ልጁ በስልኩ ሲፈልግ ቆይቶ ያገኘው ታሪክ ግን ተስፋ ሰጠኝ። ሲጌት የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ባራኩዳ 7200.11 ከሚላቸው ዲስኮች አያሌዎቹ በፈርምዌር ስሕተት ምክንያት ሲነሡ ይቆለፉ ነበር። በጥር 2009 እ.ኤ.አ. ፋብሪካው የእርማት ፈርምዌር ቢያወጣ፤ እርማቱ ራሱ ባለ 500 ጊጋባይት የሆኑትን አንዳንዶቹን ዘጋቸው፤ ስለዚህ ያን አንሥቶ ሌላ አወጣ። እንግዲህ በእኔ ቤት የሆነው በታላቁ ፋብሪካም ዘንድ ሆኖ ነበር ማለት ነው፤ የእኔ ዲስክ ግን ከዚያ ፋብሪካ የወጣ አይደለም። ከሁሉ የደነቀኝ የሰዎቹ ብልሃት ነው። በቦርዱና በሞተሩ መገናኛ መካከል ቀጭን ወረቀት አግብተው፤ የኖኪያ ስልክ ገመድ ቆርጠው በቀጫጭን ሽቦ ከቦርዱ ጋር አያይዘው፤ ከዲስኩ ጋር በጽሑፍ እየተነጋገሩ የተቆለፈውን ከፈቱት። በሳሕኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ እንዳለ ተገኘ።

የኖኪያ ገመድ በቤታችን መሳቢያ ውስጥ ነበረ። አውጥቼ በጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። የእኅቴ ልጅ አየውና መልሶ ወደ መሳቢያው ከተተው። «ጋሼ፤ ይኸ መድኃኒት ለዚያ በሽታ ነው። በመጨረሻ የሚጻፈው ትእዛዝ የስፍራውን መዝገብ እንደ አዲስ የሚያሠራ ነው። ለእኛው ብንሰጠው ያለውን መዝገብ ያጠፋዋል፤ ያን ጊዜ የየኔታ ድምፅ ከነጭራሹ ይቀራል» አለኝ። እኔ ከእርሱ ዕድሜ በዕጥፍ የምበልጥ ነኝ፤ በዚያች ሰዓት ግን እርሱ ታላቅ እኔ ታናሽ ሆንሁ።

በመንፈቀ የካቲት ዲስኩን ከኤሌክትሪክ ንዝረት በሚጠብቅ ከረጢት፤ ከረጢቱንም በነጠላ ጠቅልለን፤ በአንበሳሜና በሐሙሲት በኩል ወደ ባሕር ዳር፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ላክነው። በዚያ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ባለሙያ ተቀበለው። ዋጋው የአንድ ወር ተኩል ደመወዜ ነበር። መሣሪያው ከውጭ አገር እስኪመጣለት መጠበቅ ስለ ነበረበት መጋቢት አለፈ። የአባቴ ሙት ዓመትም አብሮ አለፈ።

በዚያ ቀን ካህናቱ ጸሎቱን ፈጽመው ማዕድ ከተነሣ በኋላ፤ እናቴ በሰው ሁሉ ፊት «እስቲ ያን የየኔታን ድምፅ አሰማን» አሉኝ። ከጥር ጀምሮ መብራት የለም፤ ስልኩ ተበላሽቷል፤ ነገ እያልሁ ቆይቼ ነበር። በቤቱ የተቀመጡት ሁሉ ወደ እኔ ተመለከቱ። እውነቱን ተናገርሁ። እናቴ ዝም አሉ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጠርተውኝ «አውቄዋለሁ» አሉ። «ማታ ማታ ስትከፍተው የሚሰማኝ ድምፅ ከጥር ወዲህ ጠፋ። የጠበቅሁህ አንተ እስክትነግረኝ ነው። አባትህ ድጓውን ለሰው ሲያውሱ እኔን ጠርተው አሳይተውኝ ነበር የሚያውሱት፤ አንተ ግን ያጠፋኸውን ስንኳ ሸሸግኸኝ።» ስለ ዲስኩ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዲስኩ ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ነው።

ባለሙያው ያደረገውን በስልክ አስረድቶኛል። በቦርዱ ላይ ያለችውን ቺፕ ሲያነብባት እኩሌታዋ አዲሱ ፈርምዌር፤ እኩሌታዋ አሮጌው ሆኖ አገኛት፤ መብራቱ የጠፋው በመካከሉ ነበርና። አስቀድሞ የቺፕዋን ጽሑፍ እንደ ተበላሸ ሁሉ ገልብጦ አስቀመጠ። ይህን ያደረገው የተበላሸው ራሱ ለእርማት የሚያስፈልግ ነገር ስለ ያዘ ነው። ቀጥሎ ከዚያው ዓይነት ከሆነ ሌላ ዲስክ ሙሉውን ትእዛዝ ወስዶ፤ የእኛን ዲስክ የራሱን መለኪያ በስፍራው ጠብቆ፤ ሁለቱን አዋሕዶ ጻፈ። ዲስኩም ስሙን ተናገረ። ያን ጊዜ አንድ ፋይል ስንኳ ሳይከፍት፤ ከሳሕኑ ያለውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ አዲስ ዲስክ አስገለበጠ። የተከፈተውና የተመረመረው ቅጂው ነው እንጂ አሮጌው አይደለም።

ስለ መግልበጥ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በ1973 እ.ኤ.አ. በአገራችን የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በተጀመረ ጊዜ፤ ፊልሙ በአዲስ አበባና በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ በኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ የገዳማትና የአድባራት መጻሕፍት እንዲህ በሁለት አገር ተቀመጡ። በአንዱ እሳት ቢነሣ ሌላው ይተርፋል በማለት ነው። ይህን አስቀድሜ አውቀው ነበር፤ ለብራና እንጂ ለእኔ ቤት የሚሆን ነገር ግን አልመሰለኝም።

የዚህ ሁሉ ሥር የተገለጠልኝ ከዚህ በኋላ ነው። ዲስክ ስለ ራሱ ጤና የሚጽፈው መዝገብ አለው፤ ይኸውም ስንት ሰዓት እንደ ሠራ፤ ከሳሕኑም ስንት ስፍራ ተበላሽቶበት በተጠባባቂ ስፍራ እንደ ለወጠ የሚያሳይ ነው። ባለሙያው የእኛን መዝገብ ሲያነብብ የተለወጠው ስፍራ እጅግ ብዙ ነበር። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ በጥር ወር የዘገየው ትእዛዙ ስላረጀ አልነበረም፤ ሳሕኑ እየደከመ፤ አንዱን ቃል ለማንበብ ደጋግሞ ይሞክር ስለ ነበረ ነው። ይህንም መዝገብ በነጻ በሚገኝ ትንሽ ፕሮግራም በቤቴ ተቀምጬ ማንበብ እችል ነበር። ዲስኩ ድካሙን ነገረኝ፤ እኔ ግን ስንፍና መስሎኝ አዲስ ትእዛዝ ሰጠሁት። በዚያ ምሽት በአንድ ተራ ፍላሽ ላይ ብገለብጥ ኖሮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር።

በግንቦት ወር አዲሱ ዲስክ መካነ ኢየሱስ ገባ። ከ43ቱ 41ዱ ሙሉ ናቸው። ሁለቱ ላይ ግን ሳሕኑ ፈጽሞ ያልተነበበበት ስፍራ ስላለ በባዶ ተሞልቷል። የእኅቴ ልጅ ወዲያው ሦስት ቅጂ አደረገ፤ አንዱ በእኔ ዘንድ ነው፤ አንዱ በደብረ ታቦር በእኅቴ ቤት ነው፤ ሦስተኛውን በፍላሽ አድርገን ከብራናው ድጓ ጋር በእናቴ ሣጥን አስቀመጥነው። ዩፒኤሱም አዲስ ባትሪ ተገዛለት።

በዚያ ምሽት እናቴ በምድጃው ዳር በአባቴ ስፍራ ተቀምጠው ሰሙ። ድጓውን ያዳምጣሉ ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን የሚያዳምጡት ሌላውን ሁሉ ነበር፤ የአባቴን ሳል፤ የሙቀጫውን ድምፅ፤ ራሳቸው ከጓዳ «ቡናው ደረሰ» ሲሉ። በ40ኛው ቅጂ ላይ አባቴ አንዱን ቃል ጀምረው ድምፁ ተቋረጠ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታው ረዘመ። አባቴ በመጨረሻው ዓመታቸው ቃሉ ሲጠፋቸው እንዲህ ዝም ብለው ይቆዩ ነበርና፤ እናቴ ቀና ብለው «ይኸ ዝምታ የእርሳቸው ነው ወይስ የመኪናው?» ብለው ጠየቁ።

የእኅቴ ልጅ በገጹ ላይ የሚታየውን የድምፁን መስመር ተመለከተ። መጀመሪያ ያለው መስመሩ ፈጽሞ የተኛበት ክፍል የዲስኩ ጉድለት ሲሆን 9 ሰከንድ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው 14 ሰከንድ ግን መስመሩ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል፤ እሳቱ ሲንጣጣና አባቴ ሲተነፍሱ ይሰማል። ይህን አሳያቸው።

«እንግዲያስ ከእርሳቸው ላይ ጀምረህ መልሰህ አሰማኝ» አሉት።